ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በማናቸውም ኅብረተሰብ ውስጥ የመገናኛ መሣሪያዎች ባለቤትነት ጥያቄ ከሥልጣንና ከንብረት ጥያቄ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ማተሚያ ቤቱ የማን ነው? የማሰራጫው ምሰሶ በማን ገንዘብ ቆመ? ድምፁን የሚለቀውና የሚያቋርጠው እጅ ተጠሪነቱ ለማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከጋዜጣ ወደ ራዲዮ፣ ከራዲዮ ወደ ቴሌቪዥን እየተሸጋገሩ በየዘመኑ ተነሥተዋል። የዛሬው ዘመን የጨመረበት ነገር ቢኖር የመዝጊያውን ስውርነት ነው። ቀድሞ ጣቢያ ሲዘጋ ወይም ሲወረስ ነገሩ በአደባባይ የሚታይ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ በተባለ ጊዜ፣ የወደደውም የጠላውም አድማጭ ጣቢያው እጅ መለወጡን ያውቅ ነበር። ዛሬ ግን ምሰሶው እንደ ቆመ፣ ዲሹ በጣራው ላይ እንደ ተሰቀለ፣ ስልኩም በኪስ እንዳለ፣ የቁጥር ስሌት በሆነ ቁልፍ ምስሉና ድምፁ ከተመልካቹ ይለያል። የተዘጋበት ሰው መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ወይም ሆን ተብሎ ተዘግቶበት እንደሆነ እንኳ ለይቶ ለማወቅ አይችልም።

ይህ ዲጂታል ቁልፍ ሁለት ባለቤቶች አሉት። አንደኛው የባለመብቱ ካፒታል ነው፤ ፊልሙን፣ ዘፈኑንና የእግር ኳሱን ጨዋታ በየአገሩ ከፋፍሎ የሚሸጥ፣ ያልከፈለ እንዳያይ፣ የከፈለም እንዳይቀዳ የሚያደርግ። ሁለተኛው መንግሥት ነው፤ በጸጥታ ወይም በብሔራዊ ፈተና ምክንያት የኢንተርኔትን መስመር የሚያቋርጥ። የመጀመሪያው በንብረት ስም፣ ሁለተኛው በሰላም ስም ይዘጋል። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ በቂ ምክንያት ሊኖራቸው እንደሚችል አንክድም። እዚህ ላይ የምናነሣው ጥያቄ ግን ከዚያ የሚቀድም ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ማሰራጫ፣ ቁልፉ በማንም እጅ ይሁን፣ ለተዘጋበት ሕዝብ ነገሩን የመግለጽ ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም?

ጥያቄውን ከአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሾች አውጥተን ወደ ባሌ ደጋ እንውሰደው። እንዲህ ያለው ጉዳይ በመሐል አገር ሲታይና በተራራ ጥላ ሥር ሲታይ ትርጉሙ አንድ አይደለምና።

ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከሮቤ ወደ ጎባ የሚወስደው 14 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በስንዴና በገብስ ማሳ መካከል ያልፋል። ከጎባ በላይ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ በዚያም ላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ቆሟል። ለተጓዥ ግርማ ሞገስ የሆነው ይህ የመሬት አቀማመጥ ለማሰራጫ መሐንዲስ ፈተና ነው። የኤፍ.ኤም. ራዲዮና የምድር ቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚጓዝ እንደ መሆኑ መጠን ተራራ ሲገጥመው ከኋላው ጥላ ይጥላል። ከኮረብታው ፊት ያለው መንደር ጥርት አድርጎ ሲሰማ፣ ከኮረብታው ጀርባ ያለው ጩኸት ብቻ ይደርሰዋል። መካከለኛ ሞገድ የምድሩን ገጽ ተከትሎ ይሄዳል፤ አጭር ሞገድ ደግሞ ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ ከሩቅ አገር ሳይቀር ይመጣል። የደጋው ገበሬ ከቴሌቪዥን ይልቅ የራዲዮ ወዳጅ ሆኖ መኖሩ በምርጫው ብቻ የመጣ አይደለም። ሳተላይት ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሳተላይት ከሰማይ ቁልቁል የሚያይ ስለሆነ ኮረብታ እምብዛም አያግደውም፤ ከከተማው ቆርቆሮ ጣራ ጀምሮ እስከ ገጠር ሻይ ቤት ድረስ ዲሽ የተሰቀለውም ለዚህ ነው።

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የተደረገውን የሳተላይት ለውጥ አንባቢ አይረሳውም። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር፣ ኤስ.ኢ.ኤስ. ከተባለው የሉክሰምበርግ የሳተላይት ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ኢትዮሳት የተባለውን መድረክ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ኤን.ኤስ.ኤስ.-12 ሳተላይት ላይ አቋቋመ። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከዚያ ቀደም በብዛት ይታዩ የነበሩት በ7 ዲግሪ ምዕራብ በናይልሳት አቅጣጫ ነበር። ለሮቤ ወይም ለጎባ ነዋሪ የዚህ ትርጉም ቀላል አልነበረም። ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ ያይ የነበረው ዲሽ ዞሮ፣ ወደ ምሥራቅ ፊቱን መልሶ፣ ወደ አናት ቀና ማለት ነበረበት። ለዲሽ ሠራተኛ የሚከፈለውም ገንዘብ የወጣው ከተመልካቹ ኪስ ነው። ይሁንና በዚያ ወቅት ጣቢያዎቹ የሠሩትን ሥራ ማመስገን ተገቢ ነው። የአዲሱን ሳተላይት ስምና የፍሪኩዌንሲውን ቁጥር በስክሪናቸው ግርጌ ሌት ተቀን አስነበቡ፤ በቃልም ደጋግመው አስረዱ። ተመልካቹ ወጪውን ቢያማርርም ምን እንደሆነና ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንይዛለን። ማሰራጫዎቻችን ለተመልካች በግልጽ መናገር ተስኗቸው አያውቅም፤ ተመልካቹን ላለማጣት በፈለጉ ጊዜ ተናግረዋል። ዝም የሚሉት በሌላ ጊዜ ነው።

ይኸውም የመብት ገደብ ሲመጣ ነው። ዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድሮች የሚሸጡት በአገር ድንበር ተከፋፍለው ነው። የሳተላይት ጨረር ግን ድንበር አያውቅም፤ ለኢትዮጵያ ብቻ የተሸጠ ጨዋታ በክፍት ሳተላይት ቢለቀቅ በጎረቤት አገርም፣ በየመንም ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ባለመብቱ ብሔራዊውን ማሰራጫ ከሁለት አንዱን ይጠይቃል። ወይ ሲግናሉን ቁልፍ አድርግበት፣ ወይ በምድር ማሰራጫ ብቻ አሳይ ይለዋል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ይህ አንቀጽ ማንንም የሚነካ አይመስልም። «በምድር ማሰራጫ ብቻ» የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው አንቴናህን አስተካክል ማለት ነው። ከተራራ ጥላ ሥር ላለው የባሌ መንደር ግን ቃሉ የሚለው «አንተን አይመለከትም» ነው። ሰነዱን የፈረመው ሰው ባሌን ለመጉዳት ፈልጎ አይደለም፤ ምናልባትም ባሌ ትዝ አላለውም። ነገር ግን የመሬቱ አቀማመጥና የውሉ ቃል ሲጋጠሙ ውጤቱ አንድ ነው። ገጠሩ ከከተማው፣ ደጋው ከመሐል አገሩ ተለይቶ ይቀራል።

እንግዲህ በጨዋታው ምሽት በአንድ የደጋ ሻይ ቤት የተሰበሰበውን ሕዝብ እናስብ። ሰዓቱ ደርሷል፣ ወንበሩ ሞልቷል፣ ከስክሪኑ ላይ ግን በጨዋታው ፈንታ የቆየ ዘፈን ወይም ጥቁር መስኮት ብቻ ይታያል። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሪሲቨሩን ያጠፋል፣ ያበራል። አንዱ ወጣት ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሹን ያነቃንቃል፤ በማነቃነቁም በደህና ይመጣ የነበረውን ሌላውን ጣቢያ ሁሉ ያጠፋል። ግማሹ የዲሽ ሠራተኛውን፣ ግማሹ መብራት ኃይልን ይረግማል። እውነቱን የሚነግራቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ዓረፍተ ነገር ግን በስክሪኑ ላይ የለም።

ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ የታወቀ ነው። ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ይሄዳሉ። በአገራችን ከተሞች ሁሉ እንደሚታየው፣ አንድ ነጋዴ የደንበኝነቱን ክፍያ ይከፍልና ወጣቱ በየጨዋታው ጥቂት ብር እየከፈለ በጠባብ ክፍል ተፋፍጎ ይመለከታል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የቴሌቪዥን መብት በ2013 ዓ.ም. ለመልቲቾይስ በተሸጠ ጊዜ የአገር ውስጡ ሊግም ከዚሁ ቁልፍ በስተጀርባ ገባ። ክለቦቹ ገንዘብ አግኝተውበታል፣ የቀረጻውም ጥራት አድጓል፤ ይህን ማስተባበል አይቻልም። ቅራኔው ግን በዚያው ይታያል። ሜዳው በሕዝብ መሬት ላይ የተሠራ፣ ብዙዎቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት የሚተዳደሩ ሆነው ሳለ፣ የጨዋታው ምስል በዚያ ውል የሚገኘው በግል ኩባንያ ካርድ ነበር። ሕዝቡ አንድ ጊዜ በግብር፣ ሌላ ጊዜ በመግቢያ ዋጋ ይከፍላል። በመብራት ሂሳብ ላይ ተደምሮ ሲሰበሰብ የቆየውን የቴሌቪዥን ክፍያ ከቆጠርነውም ሦስተኛ ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። በባለጸጎቹ አገሮችም ተመሳሳይ ክርክር ተካሂዷል፤ ከሁሉም ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የእንግሊዝ ነው። ቢቢሲ በሕዝብ የፈቃድ ክፍያ የሚተዳደር እንደ መሆኑ ስርጭቱ ለከፋዩ ሁሉ ያለ ቁልፍ ይደርሳል ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለኦፍኮም ጻፈ። በከፍተኛ ጥራት የሚተላለፈው ስርጭት እንዳይቀዳና እንዳይባዛ ባለመብቶች ዋስትና ስለጠየቁ አንድ ዘዴ እንዲፈቀድለት አመለከተ። ዘዴው ብልጠት የተሞላበት ነበር። ምስሉ ራሱ ቁልፍ አልተደረገበትም፤ የተቆለፈው የፕሮግራሙን ዝርዝር መረጃ አጭቆ የሚያስተላልፈው ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡን የሚያገኘው ደግሞ የቅጂ ገደቡን ለማክበር የፈረመ የሪሲቨር አምራች ብቻ ሆነ። በዚህ አኳኋን በሩ ክፍት ነው እየተባለ መዝጊያው ተገጠመ። ብዙ ተቃውሞ ቢነሣም ኦፍኮም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2010 ፈቀደ። ተቃዋሚዎችን ይበልጥ ያስቆጣቸው ገደቡ ራሱ አልነበረም፤ ለገደቡ ከቀረቡት ምክንያቶች ከፊሉ ለሕዝብ ከወጣው ሰነድ ተሸፍኖ መቅረቡ ነበር። ከፋዩ ሕዝብ ስለ ራሱ ማሰራጫ የተደረገውን ድርድር ለማንበብ በመረጃ ነጻነት ሕግ መጠየቅ ግድ ሆነበት።

የዚሁ የቢቢሲ የኢንተርኔት መድረክ አይ-ፕሌየር ከእንግሊዝ ውጭ ላለ ተመልካች ዝግ ነው። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከብዙ አገር የመጡ ካሜራዎች የሳነቴን ቀይ ቀበሮ ደጋግመው ቀርጸዋል፤ የዲንሾና የጎባ ሰዎች መንገድ መርተዋቸዋል፣ ፈረስ አከራይተዋቸዋል፣ እቃ ተሸክመውላቸዋል። ቀበሮው የሚኖርበትን ግጦሽ ከከብቱ ጋር ተካፍሎ የሚኖረው እረኛ ልጅ ግን በስልኩ እንዲህ ያለውን ፊልም ቢፈልግ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በአገርህ አይፈቀድም የሚል ጽሑፍ ነው። በድሮ ዘመን ጥሬ ዕቃው ከእኛ ይወጣና ተሠርቶ በውድ ዋጋ ይመለስ ነበር። የዛሬው ከዚያም ይብሳል፤ ጭራሹን አይመለስም። ቢሆንም አንድ ነገር እናስተውል። እንግሊዛዊው መድረክ ቢያንስ «በአገርህ አይፈቀድም» ብሎ ይናገራል። በሻይ ቤታችን ስክሪን ላይ የጠፋው ይኸው አንድ መስመር ነው።

ዝምታ በኢትዮጵያ ያስከተለውን ዋጋ ለማየት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ባሌን የመሰለ ምስክር የለም። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ የባሌ ገበሬ በመሬት ዘረፋ፣ በግብር ጫናና በባለሥልጣናት በደል ተነሣስቶ በእነ ዋቆ ጉቱ መሪነት ሲታገል፣ ራዲዮ አንዱ የትግሉ መድረክ ነበር። የአዲስ አበባው መንግሥት ራዲዮ ለገበሬው በቋንቋው አይናገርም ነበር፤ ስለ አመፁም እውነተኛ ወሬ አይሰጥም ነበር። ከሞቃዲሾ የሚመጣው ስርጭት ግን በኦሮምኛ ይናገር ነበር። ሞቃዲሾ የራሷ ዓላማ እንደነበራት፣ ዓላማዋም የባሌ ገበሬ ነጻነት ብቻ እንዳልነበረ የታወቀ ነው። ገበሬው ግን ሊሰማ የሚችለው እርሱን ነበር። የራሱ አገር ማሰራጫ ዝም ሲለው ጆሮውን ለጎረቤት መንግሥት ሰጠ። ይህን ጥፋት የገበሬው አድርጎ ማየት የታሪክን ተጠያቂነት መገልበጥ ይሆናል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲረግፍም የመንግሥቱ ማሰራጫዎች ዝም አሉ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ሲታይ፣ የረሃቡ ባለቤት የሆነው ሕዝብ ግን አላየውም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። ያን ጊዜም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተጣምሮ ነበር የቀረበው። ያ ምሽት የታፈነውን እውነት ያወጣ ታላቅ ምሽት እንደነበረ አይካድም። ነገር ግን ለታላቅ ዓላማም ቢሆን ተመልካቹ የትኛው ምስል ከየትኛው ካሜራ እንደመጣ የማወቅ መብት ነበረው። ማሰራጫው ለአሮጌው ሥርዓት ዝም ሲል የኖረውን ያህል ለአዲሱ ሥርዓት ቆርጦ መቀጠልን በአንድ ሌሊት ተማረ። ይህ ችሎታ በኋላ ዘመን ለምን ለምን እንደዋለ በዚህ ገጽ የምንዘረዝረው አይደለም፤ በዚያ ዘመን የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ከሩዋንዳው የሚል ኮሊን ራዲዮ ጋር አነጻጽረው፣ ስርጭቱን የማፈን ዝግጅት መኖሩን በአደባባይ ተናገሩ። በአጭር ሞገድ ላይ አፈና ማለት በዚያው ፍሪኩዌንሲ ጩኸት መልቀቅ ነው፤ አድማጩ በቃሉ ፈንታ ሁካታ ይሰማል። በውሳኔው የማይስማማ ብዙ ነበር። ሆኖም ከሚከተለው ጋር ስናነጻጽረው አንድ ነገር እንታዘባለን፤ ቢያንስ ያፈነው አፈንኩ ብሏል።

በሰኔ 2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ሲቋረጥ ምክንያቱም ሆነ የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ አልተነገረም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በማግስቱ መስመሩ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በዚያን ሰሞን በኦሮሚያ በርካታ ከተሞች ሕይወት ጠፍቷል፣ ንብረት ወድሟል፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በኋላ ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 123 ሰዎች መገደላቸውን መዝግቧል። በእንዲህ ያለ ሰዓት መንግሥት የግድያ ቅስቀሳን ለመግታት መሞከሩን ማንም ቅን ሰው አይኮንንም። ነገር ግን በዚያው ሰዓት በሮቤ ያለች እናት በአዲስ አበባ የሚማረው ልጇ በሕይወት መኖሩን፣ በአዲስ አበባ ያለው ልጅም የቤተሰቡን ደኅንነት የሚያጣራበት አንዱ መንገድ ተዘግቷል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ቆዩ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጧል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም ማለታቸው ይታወሳል። ቃሉ ለክርክር ይመቻል። የሐሳቡ ሚዛን ግን ከዚያ ወዲህ በኑሮ ራሱ እየተለወጠ መጥቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ የሚላከው፣ እቃ የሚገዛው፣ የመንግሥት አገልግሎት ክፍያ የሚከፈለው በስልክ ነው። የሲናና ገበሬ የስንዴ ዋጋ የሚጠይቀው፣ የኮምባይነር ተራ የሚይዘው በስልክ ነው። በአዝመራ ሰሞን የተቋረጠ መስመር ከወሬ ጋር እህልም ያስቀራል።

እዚህ ላይ የሕዝቡ ማሰራጫ ሥራ ምን ነበር? ስልኩ ሲዘጋ ራዲዮ ክፍት ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሳምንት ውስጥ ለባሌ ሕዝብ የቀረው ብቸኛ ሰፊ መስኮት ብሔራዊውና የክልሉ ማሰራጫ ነው። የተዘጋው ይህ ነው፣ የዘጋው ይህ መሥሪያ ቤት ነው፣ በዚህ ሕግ መሠረት ነው፣ እስከዚህ ቀን ነው ብሎ የሚናገር እርሱ ካልሆነ ማን ይናገራል? እርሱ ስለ መዘጋቱ ሳያወራ ስለ ልማት ሲያወራ፣ አድማጩ የሚሰማው ዜናውን ብቻ አይደለም፤ ያልተነገረውንም አብሮ ይሰማል። ከዚያም የ1955ቱ ገበሬ እንዳደረገው ጆሮውን ሌላ ቦታ ያውሳል። የዛሬው ሞቃዲሾ ከድንበር ማዶ መሆን አያስፈልገውም፤ መስመሩ ሲከፈት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሺህ ጊዜ የሚባዛ የሐሰት ምስል ነው።

በመሠረቱ ይህን ግዴታ አዲስ የምንፈጥረው አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 29 ማንም ሰው መረጃ የመፈለግና የመቀበል ነጻነት እንዳለው ደንግጎ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችል ሁኔታ እንዲመራ ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ሲጠየቅ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። አንድ የጎባ መምህር ለማሰራጫው ጽፎ «በሕዝብ ገንዘብ የገዛችሁት ጨዋታ በደጋው የማይታየው በየትኛው የውል ቃል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ሕጋዊ ነው። የንግድ ምስጢር ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ ከወዲሁ እናውቃለን። ዋጋው ምስጢር ሊሆን ይችላል፤ ገደቡ ግን ምስጢር ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም ገደቡ የሚፈጸመው በሕዝቡ ስክሪን ላይ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ቸል የማይባል ሌላ ወገንም አለ። ቁልፍ ሁሉ የብዝበዛ መሣሪያ ነው የሚል የችኮላ ድምዳሜ የራሳችንን ከያኒ ይጎዳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ካሴትና ሲዲ በየሱቁ ሲባዛ ዘፋኙ፣ ገጣሚውና የዜማ ደራሲው ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። የአገራችን ሕግ ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ የሥራው ዋጋ ለልጆቹም እንዲተርፍ ነው። የአንድ ባሌ ተወላጅ ድምፃዊን ዘፈን ከመሰረቅ የሚጠብቅ ቁልፍና፣ የሰፊውን ሕዝብ የጋራ ትዕይንት ለከፋይ ብቻ የሚለይ ቁልፍ አንድ ብረት ቢመስሉም ሥራቸው ለየቅል ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚያስችለው ብቸኛ መንገድ ደግሞ ማን፣ ምን፣ ለማን ጥቅም እንደቆለፈ በግልጽ ማወቅ ነው። ሳይነገር የተዘጋ ነገር ሁሉ በሕዝብ ዓይን አንድ ዓይነት ይመስላል፤ በዚህም የከያኒው ትክክለኛ መብት ከነጋዴው ስግብግብነት ጋር አብሮ ይጠላል።

ሌላው በቸልታ የታለፈው የማሰራጫው የራሱ መዝገብ ቤት ነው። የኢትዮጵያ ራዲዮ ከ1920ዎቹ ማብቂያ፣ ቴሌቪዥኑም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የተቀረጸው ድምፅና ምስል፣ የገበሬዎች ስብሰባ፣ የኦሮምኛ ፕሮግራሞች የመጀመሪያ ዘመን፣ የበዓላትና የጦርነት ዘገባ ሁሉ የሕዝቡ ትውስታ ነው። በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የባሌን ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ይህን መዝገብ በሕግና በሥርዓት የሚጠቀምበት የታወቀ መንገድ ሊኖር ይገባል። ለየትኛው ቅጂ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛውስ በነጻ እንደሚሰማ ዝርዝሩ ይውጣ። ዝርዝር ማውጣት የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

የሚጠየቀው ነገር በገንዘብ ሲመዘን እጅግ ትንሽ መሆኑን እዚህ ላይ መግለጽ እንወዳለን፤ ትልቅ በጀት ስለሌለ ነው የሚለው ምክንያት ብዙ ጊዜ ሲቀርብ ሰምተናልና። ማሰራጫው አንድ ውድድር ሲገዛ፣ ውድድሩ ከመጀመሩ ሳምንት አስቀድሞ የትኛው ጨዋታ በሳተላይት፣ የትኛው በምድር ማሰራጫ ብቻ እንደሚታይ፣ ሽፋኑም የትኞቹን ከተሞች እንደማይደርስ ስማቸውን ጠርቶ ይናገር። ሮቤን፣ ጎባን፣ ዲንሾን፣ አጋርፋን በስም ይጥራ። «በአንዳንድ አካባቢዎች» የሚለው አነጋገር ይቅርብን፤ ማንም ሰው በአንዳንድ አካባቢ አይኖርም። ኢንተርኔት ሲቋረጥም የዘጋው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ራሱ በራዲዮ ቀርቦ ይጠየቅ። የሚያበቃበት ቀን ካልታወቀ በየቀኑ የዜና ሰዓት ዛሬም ዝግ ነው ይባል። በውል ድርድር ላይም የብሔራዊው ማሰራጫ ተወካይ ከባለመብቱ ፊት ሲቀመጥ የተራራውን ጥላ የሚያሳይ የሽፋን ካርታ ይዞ ይቀመጥ። የምድሩ ሞገድ ለማይደርሳቸው ወረዳዎች ሲግናሉ በሳተላይት፣ በነጻ በሚታደል ካርድ እንዲከፈት ይጠይቅ። ባለመብቱ እምቢ ካለ እምቢታውም ለሕዝብ ይነገር።

ማስታወቂያው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን። በስክሪን ላይ ብቻ ከቀረ ከሳነቴ ጀርባ ያለው ሰው አያነበውምና፣ የምድሩን ገጽ ተከትሎ በሚሄደው በመካከለኛ ሞገድ፣ ገበሬው ከማሳ በሚመለስበት የምሽት ሰዓት ይነበብ።